ለእማዬ፣ ስለ ዋንዛዋና ስለ ባሕር ዛፎቹ

ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ደምበጫ።

ዛሬ መጻጉዕ ነው። ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ነጠላዬን ወንበሩ ላይ ጥዬ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ሳምንት በስልክ የነገርሽኝ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከታች ከባሕር ዛፉ የተነሣው እሳት አውድማው አፋፍ ድረስ መጥቶ፣ መንደርተኛው በእርጥብ ቅጠል እየቀጠቀጠ፣ አፈር እየበተነ እንዳጠፋው ስትነግሪኝ መስመሩ ተቆረጠ። ደግሜ ስደውል ወንድሜ አነሣውና "ከእንግዲህ ግቢው ውስጥ አንድም ዛፍ አላስቀርም፤ ዋንዛዋንም ጭምር እጥላታለሁ" አለኝ። ከኋላው ድምፅሽን ሰማሁ። "እሱ ሥራው ዛፍ አይደል? እሱን ጠይቀው" አልሽ። ከዚያ ወዲህ መልሱን በሆዴ ይዤ እዞራለሁ። በሚቆራረጥ ስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው አግኝቼ በወረቀት ላክሁልሽ። የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ወንድሜም ሥራውን አቁሞ፣ ቁጭ ብሎ ይስማ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ዋንዛዋ አትቆረጥ። በማድ ቤቱና በጎተራው መካከል የቆሙት ባሕር ዛፎች ግን፣ አባቴ የተከላቸው ቢሆኑም፣ ይውደቁ።

እዚህ ስለምሠራው ሥራ አጥርቼ ነግሬሽ አላውቅም። ለጎረቤት "እንጨት ይቆርጣል" ብለሽ እንደምትናገሪ አውቃለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን ቀኔ የሚያልፈው ዛፍ ከመጣል ይልቅ ዛፍ በማቆየት ነው። የካሊፎርኒያ ሰው ቤቱን በደረቅ ቁጥቋጦ በተሸፈነ ተራራ ሥር ይሠራል። ዝናብ ሳይጥል ስድስት ሰባት ወር ይከርማል፤ ሣሩ እንደ ገለባ ይሆናል። ስለዚህ እሳት በሚያሰጋው አካባቢ ያለ ባለቤት በቤቱ ዙሪያ እስከ 30 ሜትር ድረስ የሚነደውን ነገር እንዲያሳሳ ሕግ ያስገድደዋል። ያን ጊዜ እኛን ይጠራል። በገመድ ተንጠልጥዬ እወጣለሁ፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ አወርዳለሁ፤ ጣራ የሚነካውን አሳጥራለሁ። ከሥር ያሉትን ቅርንጫፎች ደግሞ ሰው ቆሞ እስኪያልፍ ድረስ እመለምላለሁ። መሬት ላይ የሚሄድ የሣር እሳት ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ካገኘ እንደ መሰላል ይዞ አናቱ ላይ ይወጣልና። ከመውረዴ በፊት ግንዱን በመዶሻ እያንኳኳሁ አዳምጣለሁ፤ ውስጡ የተቦረቦረ ዛፍ እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው።

የዘንድሮውን ገና አትረሺውም። "አገሩ ነደደ ይላሉ፣ ልጄ አለ ወይ?" ብለሽ ያስደወልሽበት ቀን ነው። ሌሊቱን በማሕሌትና በቅዳሴ አድረን፣ ጾም ፈትተን፣ ረፋዱ ላይ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ከተባለችው ሰፈራችን፣ ከአገር ልጆች ጋር ቡና ከበን ነበር። በስተምዕራብ ከተራራው ጥቁር ጭስ ተነሣ። ከግንቦት ጀምሮ ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልጣለም፤ ነፋሱ በተራሮቹ ላይ በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይከንፍ ነበር። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ሁላችንም ተነሣን። አመሻሹ ላይ በሌላው ወገን ሁለተኛው እሳት ተቀጣጠለ። ፓሊሴድስና አልታዲና በሚባሉት ሰፈሮች ሁለቱ እሳቶች ከ16 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃ በሉ፤ ወደ 30 የሚደርስ ሰው ሞተ። ሀብታም የሚባለው አገር፣ አውሮፕላንና ውኃ የሞላው አገር፣ ያን ነፋስ ሊያቆመው አልቻለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሥራ ተጠርተን አልታዲና ገባን። መንገዱ ግራና ቀኙ አመድ ነው። የጭስ ማውጫ ግንብ ብቻ እንደ መቃብር ሐውልት ተተክሎ ቀርቷል። አንድ ግቢ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ቤቱ እስከ መሠረቱ ወርዷል፤ ማቀዝቀዣው ተጨማዶ ወድቋል፤ የመኪናው ጎማ ቸርኬ ቀልጦ እንደ ሰም በመሬቱ ላይ ፈስሷል። ከዚያ አመድ ስምንት እርምጃ ብቻ ርቆ አንድ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ቆሟል፤ አረንጓዴ ነው። በቤቱ በኩል ያለው ጎኑ ብቻ ተለብልቦ ቡናማ ሆኗል። ቀርቤ ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ ጫር አደረግኩት፤ ከሥሩ እርጥብና ነጭ አረንጓዴ ነው። ዛፉ ቤቱን አላቃጠለውም እማዬ። ቤቱ ነው ዛፉን የለበለበው። እንዲህ ያለ ግቢ በዚያ ሰፈር ስንት አየሁ መሰለሽ። ከእሳቱ የተረፈውን ዛፍ ሰው ደንግጦ ሲያስቆርጠው ደግሞ አየሁ፤ ሆዴ ቆሰለ። ወንድሜ "ዋንዛዋን እጥላታለሁ" ሲለኝ ፊቴ ላይ የመጣው ያ ባሉጥ ነው።

ቤት የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የሚያስፈራው ነበልባል ሳይሆን ቀድሞት የሚደርሰው ፍንጣሪ ነው። ነፋስ ከኪሎ ሜትር በላይ ተሸክሞት ይመጣል። አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል፣ በር ሥር የቆመ መጥረጊያ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ማገዶ ሲያገኝ እዚያ ተሸሽጎ ይቆይና፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ይቀጣጠላል። ይህን እዚህ በክፍል ያስተምሩናል። እኔ ግን የተማርኩት ካንቺ ነው። ጠዋት "ከጎረቤት ፍም አምጣ" ብለሽ ገሉን ስትሰጪኝ "አመድ አልብሰው፤ በክምሩ በኩል እንዳታልፍ፤ ነፋስ ሲመጣ ጀርባህን ስጠው" ትዪኝ ነበር። ማታ ፍሙን በረመጥ ዳፍነሽ፣ ከጸለይሽ በኋላ እንኳ አንድ ጊዜ ወጥተሽ ማድ ቤቱን ሳታዪ አትተኚም ነበር። ግቢ ስትጠርጊ ሁልጊዜ ከግድግዳው ሥር ጀምረሽ ወደ ውጭ ነው። አባቴ ደግሞ እህሉ ከመከመሩ በፊት በአውድማው ዙሪያ ያለውን ሣር አጭዶ፣ ሁለት ሦስት ትልም አርሶ ይከበው ነበር። እዚህ ሰው ለዚህ ምክር ብዙ ዶላር ይከፍላል።

ጃክ ኮሄን የሚባል አንድ የአሜሪካ ተመራማሪ አለ። ካናዳ ውስጥ ጫካ ሆን ተብሎ እንዲቃጠል ሲደረግ፣ ከጫካው ዳር በ10፣ በ20ና በ30 ሜትር ርቀት የእንጨት ግድግዳ አቁሞ ፈተነ። በ10 ሜትር ላይ ከቆሙት የተቀጣጠሉ ነበሩ፤ በ20ና በ30 ሜትር ላይ የቆሙትን ግን ያ ሁሉ ነበልባል ሊያቀጣጥላቸው አልቻለም። እንግዲህ ቤት ከሩቅ ጫካ ግለት ይተርፋል ማለት ነው፤ ሥጋቱ እግሩ ሥር ያለው ነገር ነው። ለአንቺ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የእሱ ግድግዳ ሣር ክዳን አልነበረውም። የእኛ ማድ ቤት ሣር ነው፤ ሣር ደግሞ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ክዳኑን የምትቀይሩበትን የቆርቆሮ ብር እኔ ለብቻ ልኬያለሁ፤ ለሌላ ጉዳይ እንዳታውዪው እለምንሻለሁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የምታውቁ ሰዎች ባሕር ዛፍን እንዴት ማድ ቤት ሥር አስጠጋችሁት? ብዙ አሰብኩበት። ወይራን፣ ዋንዛን፣ ብሳናን፣ ቁልቋልን ከነጠባያቸው ነው ከአያት የተቀበልነው። የቱ ለአጥር፣ የቱ ለቀፎ፣ የቱ ለሞፈር እንደሚሆን፣ የትኛው ጭስ ዓይን እንደሚያቃጥል ሕፃን ልጅ ያውቃል። ባሕር ዛፍ ግን ከአውስትራልያ የመጣው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር በታሰበበት ጊዜ። ከተማዪቱን አዳናት፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ዘሩ ሲመጣ ጠባዩን የሚነግረን ሰው አብሮት አልመጣም። በአገሩ ከእሳት ጋር ተስማምቶ የሚኖር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው፤ ጉንፋን ሲይዘን ቀቅለሽ በእንፋሎቱ የምታጥኚን ያ ሽታ ዘይቱ ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊት እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተልጦ ይንጠለጠላል፤ እሳት ሲይዘው ነፋስ እየነጠቀ እየነደደ ሩቅ ይወስደዋል። ቅጠሉም ቶሎ አይበሰብስም፤ ከዛፉ ሥር እየተነባበረ ይደርቃል። እሱ ራሱ ግን ተቃጥሎም ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ካሊፎርኒያም እንደ እኛ ከአውስትራልያ አምጥታ ተከለችው። ኦክላንድ በምትባለው ከተማ ኮረብታ ላይ በጥቅምት 1984 ዓ.ም. በተነሣ እሳት 25 ሰው ሞተ፤ ወደ 3 ሺህ ቤት ተቃጠለ። በየቤቱ መካከል የቆመው ባሕር ዛፍ ያንን እሳት ካባባሱት አንዱ ነበር። ፖርቱጋልም ተራራዋን በባሕር ዛፍ ሸፍናለች፤ በሰኔ 2009 ዓ.ም. 66 ሰው በአንድ እሳት ያጣችው በባሕር ዛፍና በጥድ መካከል ነው፤ ብዙዎቹ በመኪና ሲሸሹ መንገድ ላይ ቀሩ።

ባሕር ዛፍን ልረግመው አይደለም። የደብረ ማርቆስ ትምህርቴ የቤት ኪራይ የተከፈለው ከእሱ ነው። አባቴ ማገሩንና ወራጁን ለይቶ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ደርድሮ፣ አጣና የሚጭነውን መኪና ሲጠብቅ አብሬው ውያለሁ። ቦታው ግን ከቤት የራቀው ተዳፋት ነው።

በአገራችን ደግሞ እሳቱ ከተነሣ በኋላ ማን ይደርሳል? በ2011 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ላይ ጓሳውና አስታው ሲነድ ሕዝቡ በቅጠልና በአካፋ ስንት ቀን ታገለ፤ በኋላ ነው ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር የመጣው። ያ ዓለም የሚያውቀው ፓርክ ነው። ለእኛ ግቢ የሚመጣ ሄሊኮፕተር የለም። ስለዚህ ሁሉ ነገር አስቀድሞ መደረግ አለበት።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ወንድሜ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ከቤቱና ከማድ ቤቱ ግድግዳ 3 ክንድ ድረስ ባዶ መሬት ይሁን፤ ማገዶ፣ ኩበት፣ ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ምንም አይኑርበት። በዚህ አትደራደሩ። ማገዶው ከቤት 18 ክንድ ያህል ይራቅ፤ ለአንቺ እግር እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ልጆቹ የቀኑን ብቻ ጠዋት ጠዋት ያቅርቡልሽ። ከዚያ ወዲያ እስከ 60 ክንድ ድረስ ዛፍ ይኑር፤ ግን ሣሩ ይታጨድ፤ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ከመሬት አንድ ሰው ቁመት ያህል ይመልመል፤ አናታቸውም እርስ በርስ አይነካካ። አሸንዳው በሳምንት አንድ ቀን ይጠረግ። በቆርቆሮው እጥፋትና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ደግሞ ጭቃ ይምረጉበት፤ ፍንጣሪ የሚገባው በዚያ ነው። እዚህ በወንፊት ሽቦ ነው የምንዘጋው።

ባሕር ዛፎቹን ልምድ ያለው ሰው ይጣላቸው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ በገመድ ተስበው፣ ከቤቱ ወደ ውጭ ይውደቁ። አጣናው ይሸጥ፤ ቅጠሉና ጭራሮው ግን በዚያው ቀን ከግቢ ይውጣ። መጋቢት ላይ ቆርጦ ግቢ ውስጥ መከመር ከቆመው ዛፍ የባሰ ነው። ጉቶው ዝም አይልም፤ በክረምቱ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል። አንድ ክንድ ሳይሞላ እየተገነጠለ ይጣል፤ ሁለት ሦስት ክረምት ከተከታተሉት ሥሩ ይደክማል። "አናቱን ብቻ እንቁረጠው" የሚል ሰው ከመጣ እሺ እንዳትሉት። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ በቁስሉ ዙሪያ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያበቅላል፤ እሱም የማይጠና፣ በነፋስ የሚገነጠል ነው። ዛፍ ማስተካከል እየተባለ ሰው ዛፍ ሲያበላሽ የማየው በዚህ ነው። ከመብራት ገመዱ አጠገብ ያለውን ደግሞ ማንም አይንካ፤ መጀመሪያ የመብራት ኃይል ሰዎች መጥተው ያጥፉ።

ዋንዛዋ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የሚቆረጠው፤ ወደ ቤቱ ጣራ ያዘነበለው። አቆራረጡን ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ በመጀመሪያ ዓመቴ ተሳስቼበት አንድ ትልቅ ዛፍ አበላሽቻለሁ። ከግንዱ ጋር እኩል አድርጌ፣ ለስላሳ አድርጌ ቆረጥኩት፤ ያማረ መስሎኝ። አሠሪዬ ወስዶ በሌላ ዛፍ ላይ እንደዚያ የተቆረጠ የቆየ ቁስል አሳየኝ፤ ወደ ውስጥ ክንዴ እስኪገባ በስብሷል። አሌክስ ሺጎ የሚባል የደን ተመራማሪ በሺህ የሚቆጠር ግንድ ሰንጥቆ ያየው ይህንን ነው፦ የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ሥጋ አይድንም፤ ዛፉ ቁስሉን ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋዋል እንጂ። አጥሩን የሚሠራው ደግሞ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው እብጠት፣ አንገቱ ነው። አንገቱን ከቆረጡበት በምን ይጠር?

ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይቆረጥ። መጀመሪያ ከአንገቱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ የቅርንጫፉን ሲሶ። ቀጥሎ ከዚያ አራት ጣት ያህል ወደ ጫፉ አልፎ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ቅርንጫፉ በገመድ ታስሮ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ቆረጣ ስላለ ቅርፊቱን ልጦ አይሄድም። በመጨረሻ የቀረው ቁራጭ ልክ ከእብጠቱ ውጭ ይወገድ፤ ጉማጅ ሳይተርፍ፣ አንገቱም ሳይነካ። መጋዝ ይሁን እንጂ ምሳር አይሁን። ቁስሉ ላይ ቀለምም እበትም አትቀቡት። ጊዜውም ዝናቡ ሲቃረብ ይሁን።

ዋንዛዋም በበጋ ቅጠል ታራግፋለች፤ እሱን ጥረጉት። ነገር ግን ጥላዋ ግቢውን ያቀዘቅዘዋል፤ ግንዷ ወፍራም ነው፤ እንደ ባሕር ዛፍ የሚነድ ዘይትም በቅጠሏ የላትም። ከቤቱም ያለችበት ርቀት መልካም ነው። ፍሬዋ ጣቶቻችንን ሲያጣብቅ፣ አንቺ በውኃ ስታላቅቂን፣ እህቴ ደግሞ ጠጉሯ ላይ ለጥፋ ስታለቅስ ይታየኛል። በባሕር ዛፎቹ ቦታ ላይ ጎመንና ድንች ዝሩበት፤ እርጥብ ጓሮ ከማድ ቤት አጠገብ ሲሆን ደስ ይላል።

አንድ ነገር ከአንቺ ከራስሽ እለምናለሁ። ለፋሲካ አረቄ ማውጣትሽ አይቀርም፤ እሳቱም ቀኑን ሙሉ ነው የሚነደው። ነፋሱ የሚነሣው ከሰዓት ስለሆነ በሌሊት ጀምሪው፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ይለቅ። በአጠገብሽ ሁለት እንስራ ውኃ ይቀመጥ። ከምድጃው የወጣውን አመድ ደግሞ በዚያው ቀን አትድፊው፤ ፍም በውስጡ እንዴት እንደሚሸሸግ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

አልዋሽሽም፣ አልታዲና ውስጥ ሁሉን አጥርተው የጠበቁ ሰዎችም ቤታቸው ተቃጥሏል፤ የጎረቤታቸው ቤት ነዶ ነው የያዛቸው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ካነበበችልሽ በኋላ ጎረቤቶቻችንም ይስሙት። በተለይ ከላይ በኩል ያሉት፣ ክምራቸው ከአጥራችን ጋር የተጠጋው። በቡና ላይ፣ በሰላም ንገሪያቸው፤ አንቺን እምቢ የሚል የለም።

ሌላው ደግሞ፣ ያ የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ላይ የአባቴ ቀፎ አሁንም ተሰቅሎ ከሆነ፣ ከቆረጣው በፊት ባለው ምሽት፣ ንቦቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ አፉን በጨርቅ ደፍነው በገመድ ያውርዱትና ከግንዱ በሌላው ወገን ይስቀሉት። ችቦ ይዞ ማንም እንዳይወጣ፤ ጭሱ የግድ ከሆነ በገል ላይ ይሁን፤ ገሉንም ሲጨርሱ አንቺ ተቀበያቸው።

ልጅሽ